መስኮትም በጀት ይያዝለት
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለምንሠራው አዳራሽ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ገንዘቡ የቁጠባችንና የለጋሾቻችን ነው። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚሰረዙት መስኮት፣ ኮርኒስና የግቢው ዛፍ ናቸው። እነዚህ ግን ጌጥ አይደሉም።

እኛ ወሎዬዎች ቡና ስናፈላ ቄጤማ እንጎዘጉዛለን። ልምላሜ ቤት ሲገባ ልብ እንደሚያርፍ እናውቃለን። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት፣ አሜሪካ ፔንስልቬንያ ውስጥ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን የ46 ሕሙማን መዝገብ አመሳክሯል። በመስኮታቸው ዛፍ የሚታያቸው፣ የጡብ ግድግዳ ብቻ ከሚታያቸው ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተዋል፤ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወስደዋል። ዛፍ ማየት የሕክምና ወጪን ከቀነሰ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ለምትፈትል እህታችንም ይጠቅማል።

የድሮው ቤት ሁሉ ይመለስ ማለቴ አይደለም። መስኮት በሌለው ጎጆ ውስጥ ጭስ የስንቷን እናት ዓይንና ሳንባ ጎድቷል! ከድሮው የምንወስደው ወፍራሙን የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። ጭቃ የድህነት ምልክት የሚመስለን ካለን፣ አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው። ቆርቆሮ ብቻውን ግን ቀን ያነዳል፣ ሌሊት ያበርዳል፣ ዝናብ ሲወርድም አያነጋግርም። ስለዚህ ኮርኒሱ አይሰረዝ።

ትልልቁ መስኮት ወደ ደቡብ ይዙር። ከኅዳር እስከ ጥር፣ መካነ ሰላም ብርዱ ሲጠና፣ ፀሐይ የምታልፈው በዚያ በኩል ነው። በትይዩው ትናንሽ መስኮት ቢኖር አየር ይተላለፋል። ይህን መሠረት ሳይወጣ መወሰን ወጪው ትንሽ ነው፤ የቆመ ግድግዳ ማፍረስ ግን ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

እንጨቱን በተመለከተ፣ ተፈጥሮን እናስገባ ብለን ከደንቆሮ ጫካ ጽድ የሚያስቆርጥ ውል አንፈርም። ጫካው የጭላዳና የቀይ ቀበሮ ቤት ነው። ለጣሪያው ከገበሬ የሚገዛ ባሕር ዛፍ ይበቃናል። የግቢያችን ወይራ ግን በቦታው ይቁም፤ ፕላኑ ለእሱ ይዙርለት።

ድምፅ ስትሰጡ ከአዳራሹ ስፋት አንድ ክንድ ቀንሱ፤ ከመስኮቱ ግን አትቀንሱ።