የወር አበባ ሕመምና ልጅ የማግኘት ችግር
(በማኅበራችን አሥረኛ ዓመት በዓል ላይ በሴቶች ጉዳይ ኮሚቴ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ስለ ጤና ጥቂት ተናገሩ ሲሉን ስለ ደም ብዛት ወይም ስለ ስኳር በሽታ የምንናገር መስሏቸው ነበር። እኛ ግን ሴቶች ብቻቸውን ቡና ሲጠጡ እንጂ በአዳራሽ ተነሥቶ የማያውቅ ጉዳይ መርጠናል። ወንድሞቻችን ሲጋራ ለማጨስ እንዳትወጡ አደራ፤ ጉዳዩ የእናንተም ነው።

ብዙዎቻችን የወር አበባ ሕመም የሴትነት ዕጣ ነው እየተባልን አድገናል። ጤና አዳም በቡና፣ ትኩስ ዝንጅብል፣ ሆድን በነጠላ ጠበቅ አድርጎ ማሰር፣ ከዚያም «ስትወልጂ ይተውሻል» የሚል ምክር። ቀለል ላለ ቁርጠት ይህ ይበቃ ይሆናል። በየወሩ ከትምህርትና ከሥራ የሚያስቀር፣ በግንኙነት ጊዜ ወይም ሲጸዳዱ የሚጠዘጥዝ ሕመም ግን ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባለው በሽታ ሊሆን ይችላል።

በዚህ በሽታ የማሕፀንን ውስጥ ከሚያለብሰው ስስ ሽፋን ጋር የሚመሳሰል አካል ከማሕፀን ውጭ ይበቅላል፤ በእንቁላል ማምረቻዎቹ ላይ፣ በቱቦዎቹ ዙሪያ፣ አንዳንዴም በአንጀት ላይ። የወር አበባ ሲመጣ እሱም ሊያብጥና ሊደማ ይችላል፤ አካባቢውን ያስቆጣል፣ ጠባሳም ይጥላል። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ሳምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1927 የወር አበባ ደም በቱቦዎቹ በኩል ወደ ኋላ በመፍሰሱ የሚመጣ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለው ፍሰት በብዙ ጤነኛ ሴቶችም ላይ ስለሚታይ፣ ምክንያቱ ይህ ብቻ እንዳልሆነ ታውቋል። «የፈረንጅ በሽታ ነው» ለሚሉን ደግሞ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በመላው ዓለም 190 ሚሊዮን ያህል ሴቶችንና ልጃገረዶችን እንደያዘ ይገምታል። በመውለጃ ዕድሜ ካሉት ከአሥሯ አንዷ ማለት ነው።

ከመካከላችን አንዲት እህት ታሪኳን እንድንናገር ፈቅዳልናለች። ባገባች በአራተኛው ዓመት ልጅ አልመጣ ሲል እዚሁ አሜሪካ አንድ ክሊኒክ ሄደች። እንግሊዝኛዋ ስላልበቃ የ12 ዓመት የእህቷን ልጅ ለማስተርጎም ይዛ ነበር። ሐኪሟ በግንኙነት ጊዜ ያምሻል ወይ ብላ ጠየቀች። ልጁ አንገቱን ደፍቶ፣ «አክስቴ፣ የሚያምሽ ነገር አለ ወይ ትላለች» አላት። እሷም አየችውና «ደኅና ነኝ በላት» አለች። በመዝገቧ ላይ ሕመም የለባትም ተብሎ ተጻፈ፤ ሦስት ዓመትም አለፈ። በነዚያ ዓመታት የባሏ እናት ከአገር ቤት በደወሉ ቁጥር «ዘንድሮስ?» ይሏት ነበር።

በሁለተኛው ጊዜ ያስተረጎመችላት ፊቷን የማታያት፣ በስልክ ያለች ሴት ነበረች። ሁሉንም ተናገረች። በአልትራሳውንድ ሲታይ በግራ በኩል ባለው እንቁላል ማምረቻዋ ላይ አሮጌ ደም ያቆረ ከረጢት ተገኘ። ሐኪሞች ከመልኩ የተነሣ የቸኮሌት ከረጢት ይሉታል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው። ልጅ ይዞ መሄድ አያስፈልግም።

በሽታው መካንነት ማለት አይደለም። ከታመሙት ብዙዎቹ ያለ ምንም እርዳታ ይወልዳሉ። ይሁንና ጠባሳው ቱቦውንና እንቁላል ማምረቻውን እንደ ሙጫ ያጣብቃቸዋል፤ ቁጣውም እንቁላሉንና የወንዱን ዘር ይጎዳል ተብሎ ይታመናል። የሕመሙ ብርታትና የጉዳቱ መጠን አይመጣጠኑም፤ ምንም ሳያማት ልጅ ስትፈልግ ብቻ የሚታወቅላት ሴት አለች። አልትራሳውንድ ንጹሕ ቢሆንም በሽታው የለም ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ የሚታየው በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ ነው።

ስለ ሕክምናው አንድ ነገር አጥብቀን እንናገር። ለሕመሙ የሚታዘዙት የሆርሞን ክኒኖች ቁርጠቱን ያስታግሳሉ እንጂ ለማርገዝ አይረዱም፤ እየተወሰዱ ሳለ እርግዝናን የሚከለክሉም አሉ። ስለዚህ ልጅ መፈለጋችሁን አስቀድማችሁ ንገሩ። ቀዶ ሕክምናም ጠባሳውን ሲፈታ የእንቁላሉን ክምችት ሊቀንስ ስለሚችል፣ ቢላዋ ሳይነሣ በፊት ይህንኑ ጠይቁ። አንድ ዓመት ሞክረው ያላረገዙ፣ ዕድሜያቸው 35 ከሆነም ስድስት ወር የሞከሩ፣ ሐኪም ጋ ይሂዱ። በሽታው እንዳለባት የምታውቅ ሴት ግን ይህን ያህል መጠበቅ የለባትም።

ሲሄዱ ባልና ሚስት አብረው ይሂዱ። የእህታችን ሐኪም ባለቤቷም እንዲመረመር ስትጠይቅ መጀመሪያ ተቆጥቶ ነበር። በኋላ ሲመረመር የእሱም ዘር ቁጥር አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። አሁን ሁለቱም በሕክምና ላይ ናቸው። ከአገር ቤት ስልክ ሲደወልም የሚያነሣው እሱ ነው።