ግመሏን ስናለብስ

(ከዚህ በታች ያለው የስፌት ቡድናችን በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ያቀረበው ንግግር ነው።)



በዚህ ዓመት የሠራነው የሀበሻ ቀሚስ ጥልፍ፣ መጋረጃና የልጆች የትምህርት ቤት ልብስ ብዙ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚጠይቀን ግን ስለ አውሮፕላኗ ብቻ ነው። አንዳንዶቻችሁ ወሬውን ስትሰሙ ቀልድ መስሏችሁ ነበር። ይኸው ከአዳራሹ ጥግ ቆማለች። ስለዚህ የዛሬው ቃላችን ስለ እሷ ይሁን፤ የቀረውን ገንዘብ ያዣችን በቁጥር ታቀርበዋለች።

ይህች የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አውሮፕላን ሞዴል ናት፤ «ሶፕዊዝ ካምል» ትባላለች። ካምል ማለት ግመል ነው። ስሟ የወጣው ከአብራሪው ፊት ሁለቱን መትረየሶች የሸፈነው ጉብታ ሻኛ ስለሚመስል ነው። ዋናዋን የሠራው ፋብሪካ ዛሬ የለንደን ክፍል በሆነው በኪንግስተን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1917 ጦር ሜዳ ገባች፤ ከ5,000 በላይም ተሠርታለች። የክንፏ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ 8 ሜትር ተኩል ነበር። የእኛዋ ሩብ መጠን ስለሆነች 2 ሜትር ከ13 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች፤ በሩ ውስጥ የምትገባውም ክንፏ ሲፈታ ነው።

አጽሟን የሠሩት ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኛ ቀጥሎ ያለውን ክፍል የሚከራዩ ጡረተኞች ናቸው። ንድፉን በሙሉ መጠኑ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ ጎድኖቹን አንድ በአንድ በንድፉ ላይ አቁመው፣ በስፒል ይዘው ያጣብቃሉ። ጎድኖቹ ባልሳ ከሚባል ከደቡብ አሜሪካ ከሚመጣ እንጨት የተቆረጡ ናቸው፤ በጣት ስታነሡት ያነሣችሁ አይመስላችሁም። በጎድኖቹ ውስጥ ዳር እስከ ዳር የሚያልፈው ጠንካራው እንጨት ደግሞ ማገራቸው ነው። የጭቃ ቤት ሲማገር ያየች ሁሉ በአንድ ዓይን ነው የገባት።

እነሱ እንጨቱን ያውቃሉ፤ ጨርቁን ግን ይፈሩታል። ከዚህ በፊት ያለበሱት ሌላ ክንፍ እንደ ደረቀ ቆዳ ተጠማዝዞ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። እኛን የጠሩን ለዚህ ነው።

የጥንቶቹ አውሮፕላኖች ክንፍ ጨርቅ ነው። እንግሊዞች ይጠቀሙበት የነበረው ምርጡ ጨርቅ ከአየርላንድ የሚመጣ ሊነን ነበር። ሊነን የሚፈተለው ከምን እንደሆነ ስንሰማ ሁላችንም ሳቅን፤ ከተልባ ነው። እኛ አገር ፍሬውን ቆልተን፣ ወቅጠን በጾም እንጠጣዋለን፤ እነሱ አገዳውን ዘፍዝፈው ቃጫውን አውጥተው ክር ያደርጉታል። (የእኛም ሰማይ ከጨርቅ ክንፍ ጋር ይተዋወቃል፤ በ1921 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ የመጣው የፈረንሳይ ፖቴዝ 25 ክንፉ ጨርቅ የለበሰ ነበር።)

ጨርቁ ልብስ ብቻ አይደለም። አየር ክንፍን የሚያነሣው ከታች በመግፋት ብቻ መስሎን ነበር፤ ለካ በላይኛው ገጽ ላይ ግፊቱ ስለሚቀንስ ጨርቁን ወደ ላይ ይስበዋል። ከጎድኑ ጋር ካልተሰፋ ይነፋና ይገነጠላል። ስለዚህ በዋናው አውሮፕላን ላይ በሰም የታሸ ክር ከላይ ገብቶ፣ ጎድኑን ዞሮ፣ ከታች ወጥቶ ይቋጠራል፤ በየጎድኑ፣ ከፊት እስከ ኋላ። ከዚያ በላዩ ጠርዙ በጥርሳም መቀስ የተቆረጠ ጥብጣብ ይለጠፋል። ጠርዙ ጥርስ ጥርስ የሆነው ለጌጥ ሳይሆን እንዳይተረተር ነው፤ ይህን ማንም ሊያስረዳን አላስፈለገም።

የዚህች ክንፍ ሆዱ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ሥራው በሞዴሏም ላይ ያው ነው። ጨርቁ ሲጠብቅ ከጉድጓዱ ተላቅቆ ቀጥ ማለት ይፈልጋል፤ የሚይዘው ስፌቱ ነው። ድሩን በክንፉ ርዝመት፣ ማጉን በጎድኑ አቅጣጫ አደረግን። ጠርዙን በትንሽ ካውያ ያዝን፤ ከዚያ ሙቀቱን ጨምረን፣ ጥቂት ከላይ፣ ጥቂት ከታች፣ እየገለበጥን አጠበቅነው። አንዱን ወገን ብቻ ጨርሰው ካጠበቁት ክንፉ ይጠመዘዛል፤ የግድግዳው ክንፍ ምስጢርም ይኸው ነበር። ሲያልቅ በጣት ሲመታ እንደ ከበሮ ይጮኻል። ከእኛ አንዷ ብራና በእንጨት ተወጥሮ ሲደርቅ አይታ ስለምታውቅ ገና ሳይጀመር ድምፁን ነግራን ነበር።

ጭራዋ ላይ በጣም ቆጥበናል። ካምል አፍንጫዋ አጭር ነው፤ ጭራ ላይ የሚጨመር አንድ ግራም አፍንጫ ላይ ብዙ ግራም እርሳስ ያስጨምራል። ስለዚህ እዚያ ክሩም ቀጭን፣ ቋጠሮውም ትንሽ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በዚያን ዘመን ጨርቁ የሚጠብቀው በካውያ ሳይሆን ዶፕ በሚባል ቅባት ነበር። ሲቀባ ጨርቁ ይኮማተራል፣ ውኃም አያስገባም። በፋብሪካዎቹ ከሚሰፉትና ከሚቀቡት ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ፤ ደመወዛቸውም ከወንዶቹ ያነሰ ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር በአንዳንዱ ዶፕ ውስጥ ቴትራክሎሮኢቴን የሚባል ማሟሟቂያ ነበረበት። እንፋሎቱን ሲተነፍሱ የዋሉት ሠራተኞች ጉበታቸው ተመረዘ፤ ዓይናቸውና ቆዳቸው ቢጫ ሆነ፤ የሞቱም አሉ። በኋላ በሌላ ማሟሟቂያ ተተካ። በመጻሕፍት የአብራሪዎቹ ስም ከነጣሏቸው አውሮፕላኖች ብዛት ተመዝግቧል። የክንፎቹን ሰፊዎች ስም ፈልገን አንድም አላገኘንም።

ጡረተኞቹ የድሮው መልክ እንዲጠበቅ ዶፕ ይቀባ ብለው ነበር። የዛሬው ዶፕ ያ መርዝ የለበትም፤ ሽታው ግን ራስ ያዞራል፣ በእሳትም ቶሎ ይያያዛል። በዚያው ኮሪደር ልጆቻችን አማርኛ ይማራሉ። አይሆንም አልን። በሙቀት የሚጠብቅ የፖሊስተር ጨርቅ እንዲሆን፣ ቀለሙም በውኃ የሚበጠበጥ እንዲሆን ተስማማን። መልኩ ትንሽ ይለያል ብለው ያዘኑ አሉ፤ ይዘኑ።

ስለ ክፍያም እንዲሁ። መጀመሪያ ያቀረቡልን ኬክና ምስጋና ነበር። ኬኩን በልተን፣ ለልብስ ማስተካከል በምናስከፍለው የሰዓት ዋጋ ተዋዋልን። ስድስታችን ለ11 ቅዳሜ ሠርተናል፤ ሒሳቡም ተከፍሎ ገብቷል።

ከእኛ አንዷ እኅታችን በዚህ ሥራ አልተካፈለችም። የአውሮፕላን ድምፅ ስትሰማ ዛሬም ትደነግጣለች፤ «የጦር አውሮፕላን አላለብስም» አለች። ማንም አልተጫናትም። በእነዚያ ቅዳሜዎች የመጋረጃውን ትእዛዝ ለብቻዋ ጨርሳለች፣ ድርሻዋም እኩል ነው። የእንጨት መትረየሶቹን የሠሩትም የተከሉትም ጡረተኞቹ ናቸው፤ እኛ እጃችንን አላስገባንም። ይህ ጥያቄ በመካከላችን ገና አላለቀም፤ ይለቅ ብለንም አንቸኩልም።

አሁን ሌሎች ሁለት ሰዎች ክንፍ አልብሱልን ብለው ጠይቀዋል፤ አንዱ የስፖርት አውሮፕላን ነው፣ ሌላው ተዋጊ። እንቀበል ወይስ አንቀበል የሚለውን ዛሬ በድምፅ እንድትወስኑ እንፈልጋለን። ደጋፊዎቻችን አዲስ የጥልፍ መኪና ልትገዙልን ማሰባችሁን ሰምተን ደስ ብሎናል። ፈቃዳችሁ ከሆነ ግን ገንዘቡ መጀመሪያ ለክፍሉ አየር ማውጫ ማራገቢያና ለአንድ ረጅም ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ይዋል። ያለችን የስፌት መኪና ገና ትሠራለች።

ግመሏ ገና አልበረረችም። ሞተሯ ተገጥሞ ሚዛኗ ከታየ በኋላ፣ ነፋስ የሌለበት የመጀመሪያው እሑድ ጠዋት ሜዳ ትወጣለች። በመኪናው ውስጥ አራት ቦታ አለ፤ መምጣት የምትፈልጉ ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን አስመዝግቡ፤ ጋቢም አትርሱ፣ ሜዳው ይበርዳል።