ስለ ሐሜትና ስለ መልካም አነጋገር

ወደ አዲስ አበባ ሄዶ የተመለሰ ሰው በመርካቶ ያለውን አውቶቡስ ተራን ያውቀዋል። ገና ሳይነጋ ረዳቱ የየአገሩን ስም እየጠራ ይጮኻል፤ ተሸካሚው ጓዝ ያነሣል፤ መንገደኛውም ዕቃውን በእግሩ ሥር አድርጎ የመነሻውን ሰዓት ይጠብቃል። ሥራ ፈትቶ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ወሬ ይወዳል። በዚያ ስፍራ ማለዳ የተነገረ ነገር ከመንገደኛው ጋራ ተሳፍሮ ማታ ሩቅ አገር ይደርሳል። ነገሩ መልካም ከሆነ ማለፊያ ነው፤ የሰው ስም የሚያጠፋ ከሆነ ግን ተናጋሪው ቢጸጸት እንኳ ተከትሎ ሊይዘው አይችልም። አባቶች «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ያሉት ስለዚህ ነው።

የሐሜትን ጉዳት ለማስተዋል የመርካቶን ንግድ መመልከት ይበቃል። ይህ ገበያ የተመሠረተው በጣሊያን ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በአራዳ ይገበያይ የነበረው የአገሬው ሕዝብ ወደ ምዕራብ እንዲሄድ በተደረገ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ እጅግ ሰፍቷል፤ ነገር ግን ዛሬም ብዙው ንግድ የሚቆመው በመታመን ነው። ነጋዴው ዕቃ በዱቤ ይወስዳል፥ ዕቁብ ይጥላል፥ በቃሉም ይታመናል። እንግዲህ አንድ ጨርቅ ሻጭ ሳይከሥር፥ ጎረቤቱ በቅናት «ከሥሯልና ሊጠፋ ነው» ብሎ ቢያንሾካሹክ ምን ይሆናል? አበዳሪዎቹ ሁሉ በአንድ ቀን መጥተው ገንዘባቸውን ይጠይቃሉ፤ ዱቤ ይሰጠው የነበረውም ይከለክለዋል። ቀስ እያለ በዓመት የሚከፍለውን ዕዳ ዛሬውኑ ክፈል የተባለ ሰው በእርግጥ ይከሥራል። ሐሰት የነበረው ወሬ እውነት ሆኖ ይቀራል፤ ሐሜተኛውም «አላልኋችሁምን?» ይላል። እነሆ፥ በር ሳይሰብር የሰውን ቤት ባዶ አደረገ።

ሰውን በሥራው ማማትም ከዚህ የማያንስ በደል ነው። በመርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ በሚባለው ስፍራ አሮጌ ብረት እየቀጠቀጡ ለቤት የሚጠቅም ዕቃ የሚያወጡ ብልሃተኞች አሉ። በቀድሞ ዘመን ብረት ሠሪውን ቡዳ እያሉ ማማት የተለመደ ነበር፤ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋም ከስድብ አላመለጡም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድቡትን ገሥጸዋል። ማረሻውን የሠራውን ሰው እያሙ በማረሻው አርሶ መብላት ታላቅ ውለታ ቢስነት ነውና።

ክርስቲያን የሆነ ሰው ከዚህ ሁሉ ይልቅ የራሱን ነፍስ መመልከት ይገባዋል። በአራተኛው መቶ ዓመት በግብፅ በአስቄጥስ በረሃ የኖረው አባ ሙሴ ጸሊም፥ ትውልዱ ከኢትዮጵያ እንደ ሆነ የሚነገርለት፥ አስቀድሞ ወንበዴ የነበረ፥ በኋላ ግን ንስሐ ገብቶ ስመ ጥር መነኩሴ የሆነ አባት ነው። አንድ ቀን መነኮሳት በበደለኛ ወንድማቸው ላይ ሊፈርዱ ተሰብስበው አስጠሩት። እርሱም በሚያፈስ ዕቃ ውሃ ተሸክሞ፥ ውሃው በስተኋላው እየተንጠባጠበ መጣ። ምንድር ነው ብለው ቢጠይቁት፥ የራሱ ኀጢአት እንደዚያ ውሃ በስተኋላው ሲፈስ ሳያየው በሌላው ሊፈርድ መምጣቱን ነገራቸው። እነርሱም ክሱን ትተው ወንድማቸውን ይቅር አሉት።

ይህ ማለት ግን ክፉ ሥራ ሁሉ ይሸሸግ ማለት አይደለም። የመንገደኛን ገንዘብ የሰረቀውን ሌባ ለፖሊስ ማስታወቅ፥ በዳኛ ፊትም እውነቱን መመስከር ሐሜት አይባልም። ሐሜት የሚባለው ነገሩን ሊያቃና ለሚችለው ሳይነግሩ፥ ምንም ሊያደርግ ለማይችለው መንገር ነው። ወንጌልም ሥርዐቱን አሳይቷል፤ የተበደለ ሰው አስቀድሞ በዳዩን ብቻውን ይምከረው፤ ባይሰማው አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ ይሂድ፤ እነርሱንም ባይሰማ ለቤተ ክርስቲያን ይንገር።

ሰሚውም ከተናጋሪው እኩል ተጠያቂ ነው፤ ገዢ የሌለው ዕቃ ከገበያ እንዲወጣ፥ ሰሚ ያጣ ሐሜትም ይከስማልና። ስለዚህ ሰው ሲታማ የሰማ፥ የሚያውቀውን መልካም ነገር ይናገር፤ የሚያውቀው ከሌለ «ራሱን እንጠይቀው» ይበል። «ሰው ሲታማ ለኔ ብለህ ስማ» የተባለውንም አይርሳ። አስቀድሞ ያማ ሰው ቢኖር፥ ባማበት ስፍራ፥ በሰሙት ሰዎች ፊት ቃሉን ያንሣ፤ በስውር መጸጸት የጠፋውን ስም አይመልስምና።

በመርካቶ የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ ጎረቤታሞች ናቸው፤ በሁለቱም የሚጸልዩ ሰዎች በአንድ ገበያ ይነግዳሉ፥ በአንድ አውቶቡስም ይሳፈራሉ። ባልንጀራ ማለት በሃይማኖት የሚመስል ብቻ አይደለም፤ በጎ ቃልም ለሁሉ የሚገባ ነው። በጾም ወራት ከሥጋና ከቅቤ የሚከለከል አፍ፥ የወንድሙን ስም ከመብላት አብልጦ ይከልከል።