ሳጥናችን መድረክ ላይ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሒሳብ ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



እኛ የሒሳብ ኮሚቴው ሦስት አባላት ዛሬ እንድናቀርብ የተያዘልን የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ነበር። እሱ በወረቀት ይታደላችኋል። ከዚያ በፊት ግን የሳጥኑን ነገር እንንገራችሁ። «ምን ሆኖ ነው ወርቃማ ቀለም የተቀባው?» እያላችሁ ስትጠይቁን ሰንብታችኋል።

ባለፈው ወር የሰፈራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቲያትር ክበብ ልጆች መጥተው ባለ ሦስት ቁልፉን ሳጥናችንን እንድናውሳቸው ጠየቁን። ገንዘቡን ባንክ አስገብተን ባዶውን ሰጠናቸው። (አስፈርመን ነው፤ አትሳቁ።) በምላሹ የፊት ወንበር ሰጡንና ብዙዎቻችን ሄደን አየን።

ያሳዩት ፈረንሳዊው ሞሊየር የጻፈውን ኮሜዲ ነው፤ ልጆቹ «ቆንቋናው» ብለውታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1668 ፓሪስ ላይ መጀመሪያ ሲታይ ቆንቋናውን ሆኖ የተጫወተው ደራሲው ራሱ ነበር። ሞሊየር ለእኛም አገር መድረክ እንግዳ አይደለም፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ታርቲዩፍ»ንና «የፌዝ ዶክተር»ን ወደ አማርኛ መልሷቸዋል። ይህኛውን ግን ልጆቹ ከአማርኛ አስተማሪያቸው ጋር ሆነው ከእንግሊዝኛ ነው የመለሱት።

ላላያችሁት ባጭሩ፦ ሐርፓጎን የሚባል ሚስቱ የሞተችበት ሀብታም ሽማግሌ አለ። 10,000 ኤኩ ወርቅ በሳጥን አድርጎ አትክልት ቦታው ውስጥ ቀብሯል። በዚያ አገርና ዘመን ጥሎሽ የሚያመጣው የሴቷ ወገን ነው፤ እሱ ታዲያ ሴት ልጁን ጥሎሽ አልፈልግም ላለ ትልቅ ሰው ሊድራት ቆርጧል። ወንድ ልጁ የሚወዳትን ልጅ ደግሞ ለራሱ ይመኛል።

እዚህ ላይ አጋቢ ደላላዋ ትመጣለች። (ደላላዋን ሆና የተጫወተችው ከእናንተ የአንዷ ልጅ ናት፤ ስም አንጠራም፣ እናቷ እየሳቀች ስለሆነ ታውቋታላችሁ።) ልጅቷ ድሃ ናት ሲላት፣ ኧረ በዓመት 12,000 ታመጣልዎታለች ትለዋለች። እንዴት? ብዙ ስለማትበላ 3,000፣ ውድ ልብስ ስለማትወድ 4,000፣ ቁማር ስለማትጫወት 5,000! ሽማግሌው ግን እጄ ላልገባ ገንዘብ ደረሰኝ አልቆርጥም ይላል። እኛ ሒሳብ ያዦቹ በዚህ አጨበጨብንለት። ክፉ ሰው ቢሆንም መዝገብ አያያዙ ትክክል ነው፤ ያልወጣ ወጪ ገቢ ተብሎ አይመዘገብም።

ሳጥኑ የተሰረቀ ጊዜማ አዳራሹ ተናወጠ። ልጁ እየጮኸ የገዛ ክንዱን «ሌባ!» ብሎ ያዘና ወደ ተመልካቹ ወርዶ ሁላችንንም መጠርጠር ጀመረ። ሊቀመንበራችን ፊት ሲደርስ «እማማ፣ እጅዎን ያሳዩኝ!» አላቸው። እሳቸውም ሁለቱን መዳፎቻቸውን ዘርግተው አሳዩት። ሳጥኑ እኮ የእሳቸው ነው!

አሁን ደግሞ ያልሳቅንበትን እንንገራችሁ።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ወንድ ልጁ 15,000 ፍራንክ ለመበደር በደላላ በኩል አበዳሪ ያፈላልጋል። አበዳሪው ማን እንደሆነ አያውቅም። ውሉ ሲነበብ ወለዱ ከአሥራ ስምንት አንድ ነው፣ ማለት 5 ከመቶ ተኩል ገደማ። መልካም። ነገር ግን አበዳሪው ገንዘቡ እጁ ላይ ስለሌለ እሱም ከሌላ ሰው ከአምስት አንድ ወለድ ይበደራል፤ ያንንም ተበዳሪው ይክፈል ይላል። 20 ከመቶ ተጨመረ። በዚያ ላይ ጥሬ ገንዘቡ 12,000 ብቻ ነው። የቀረው 3,000 በዕቃ ይታሰባል፦ አልጋ፣ አሮጌ ጠመንጃ፣ ድርቆሽ የተጠቀጠቀበት የእንሽላሊት ቆዳ ሳይቀር።

ሰው በእንሽላሊቱ ሲስቅ እኛ ስልካችንን አውጥተን አሰላን። በ15,000 ላይ የዓመቱ ወለድ 3,833 ነው። እጁ የሚገባው ግን 12,000 ስለሆነ ወደ 32 ከመቶ ይጠጋል። በኋላ አበዳሪና ተበዳሪ ፊት ለፊት ሲገናኙ አባትና ልጅ ሆነው ተገኙ።

ከኋላችን የተቀመጠች አባላችን ያን ጊዜ ትከሻችንን ነካ አድርጋ «የእኔንም በዚሁ አስሉልኝ» አለችን።

የእሷን ጉዳይ እንድንናገር ፈቅዳልናለች። ባለፈው ዓመት ለእንጀራ ሥራ የኤሌክትሪክ ምጣድ ልትገዛ 10,000 ብር ተበደረች። በደንባችን መሠረት 1,000 ብር የግዴታ ቁጠባ ብለን አስቀድመን ቆረጥንና 9,000 ሰጠናት። ወለዱን ግን በ10,000 አሰብን፤ በወር 100 ብር፣ በዓመት 1,200። «ያልወሰድኩትን ብር ወለድ ለምን እከፍላለሁ?» ብላ ጠይቃን ነበር። «ደንቡ ነው» አልናት። ዋጋው ስላልሞላላት የጎደለውን 1,000 ከጎረቤት በአራጣ ወሰደች። ይህን የሰማነው ገና ከቲያትሩ ስንመለስ ነው።

እርግጥ ነው፣ ቁጠባው የራሷ ነው፤ ብድሩን ስትጨርስ ይመለስላታል። እንሽላሊት አይደለም። ቢሆንም ዓመቱን ሙሉ የተቀመጠው በእኛ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ወለዱን የከፈለችው ደግሞ እሷ ናት። 12 ከመቶ ያልነውም ከ13 ከመቶ በላይ ሆኗል። ዋናው ዕዳ እየቀነሰ ሲሄድ ወለዱ አለመቀነሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ለሚቀጥለው ስብሰባ እናዘጋጀዋለን።

ይህን ደንብ ያረቀቅነው እኛው ነን፤ ማንም ከውጭ አላመጣብንም። ሳጥኑ ሞልቶ ስናይ ደስ ይለን ነበር፤ በየሩብ ዓመቱም «ተቀማጫችን አደገ» ብለን ስናነብላችሁ ታጨበጭቡልን ነበር። ካደገው ውስጥ የተወሰነው ከእናንተው የመጣ ነው።

ስለዚህ ለዛሬው ጉባኤ ሁለት ሐሳብ ይዘን መጥተናል። አንደኛ፣ ከዛሬ ጀምሮ ወለድ የሚታሰበው ተበዳሪዋ እጅ በገባው ገንዘብ ላይ ብቻ ይሁን። ሁለተኛ፣ በአሮጌው ደንብ ለተበደሩ 23 አባላት ልዩነቱ ይመለስላቸው። እያንዳንዳቸው 10,000 ስለወሰዱ ለአንዷ 120 ብር፣ በጠቅላላው 2,760 ብር ነው። ተቀማጩ ይችለዋል፤ ሁለት ጊዜ ደምረን አይተነዋል።

ድምፅ ከተሰጠበትና ቃለ ጉባኤው ከተፈረመ፣ የተበደራችሁ ሁሉ ለሻይ ከመነሳታችሁ በፊት ደብተራችሁን ይዛችሁ ወደ ጥጉ ጠረጴዛ ኑ። የሳጥኑን ቀለም በተመለከተ በቤንዚን ሞክረነዋል፤ አልለቀቀም።