ስለ አይሮፕላን ማረፊያችንና ከኋላው ስለሚመጣው ሰፈር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የቀረበ ንግግር)



እንዲህ ባለው በዓል ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ ወጣቶች ተስፋ መናገር የተለመደ ነው። እኛ ግን ስለ መሬት ልንናገር መርጠናል፤ ያውም ስለ አንድ የተወሰነ መሬት፣ ከሲቀላ ወጣ ብሎ ወደ አባያ ሐይቅ በሚያዘነብለው ሜዳ ላይ ስላለው የአይሮፕላን ማረፊያና በዙሪያው ስላለው እርሻ። በዚያ ዙሪያ ቤት ይሠራ ወይስ አይሠራ የሚለው ነገር የታላላቆች ጉዳይ ነው ይባል ይሆናል። ሆኖም ቤቱን ሠርተው የሚገቡበት፣ ልጆቻቸውንም በሌሊት የሚያስተኙበት በእኛ ዕድሜ ያሉት ስለሆኑ፣ ጥቂት እንድንናገር እንዲፈቀድልን በትሕትና እንለምናለን።

አስቀድመን እውነቱን እንናገር። የአርባ ምንጭ ማረፊያ ዛሬ ሰው የሚያስመርር ጩኸት የለውም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለአገር ውስጥ ጉዞ በብዛት የሚጠቀምበት ዳሽ 8 የተባለው ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን ነው፤ ሞተሩ የሚያዞረው ውልብልቢት ስለሆነ እንደ ትልቅ ጄት አያጓራም። እንዲያውም በሲቀላ መንገድ የባጃጅ ጡሩምባና በየሱቁ ደጃፍ የቆመው የድምፅ ማጉያ ከእርሱ ይልቅ ጆሮ ያደነቁራሉ። እንግዲያስ ለምን ነገሩን ታነሣላችሁ የሚለን ቢኖር፣ መልሳችን አጭር ነው። የአይሮፕላን ጩኸት ከመጣ በኋላ ማባረር አይቻልም፤ የሚቻለው ሳይመጣ ቦታ ማስለቀቅ፣ ይልቁንም ቦታውን ከመጀመሪያው አለመያዝ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶቻችን ቃል ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

የድምፅን ጠባይ በክፍላችን እንደ ተማርነው ባጭሩ እናስረዳ። ድምፅ የሚለካው ዴሲቤል በሚባል መለኪያ ነው። ይህ መለኪያ እንደ ሜትር ወይም እንደ ኪሎ በእኩል የሚጨምር አይደለም፤ 10 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ይሆናል፣ ጆሯችን ግን በእጥፍ ያህል እንደ ጨመረ አድርጎ ይሰማዋል። በሌላ በኩል ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ከአንድ ነገር የሚወጣ ድምፅ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ መራቅ ይጠቅማል ማለት ነው። ነገር ግን ወዴት እንደምንርቅም ማወቅ ያስፈልጋል። በጂኦግራፊ ካርታ ላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያያይዙ መስመሮች እንዳሉ ሁሉ፣ መሐንዲሶችም በማረፊያ ዙሪያ እኩል ድምፅ የሚሰማባቸውን ቦታዎች በመስመር ያያይዛሉ። ያ መስመር ክብ አይሆንም። እንደ ሙዝ ቅጠል በመንደርደሪያው አቅጣጫ ረዘም ብሎ በጎን ግን ጠበብ ያለ ነው። ስለዚህ ከመንደርደሪያው ጎን አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር ሰው፣ በመንደርደሪያው ጫፍ በኩል ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚኖረው ይልቅ በሰላም ሊተኛ ይችላል። ቦታ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ግን ምን ያህል ይርቃል ብሎ ነው እንጂ በየት በኩል ነው ብሎ አይደለም።

ለማረፍ የሚወርድ አይሮፕላን ባብዛኛው በ3 ዲግሪ ቁልቁለት ይመጣል። የሒሳብ መምህራችን ያስተማሩንን ታንጀንት አውጥተን ብናሰላው፣ ጎማው መሬት ከሚነካበት ነጥብ 4 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ከፍታው 210 ሜትር፣ 2 ኪሎ ሜትር ሲቀረው 105 ሜትር፣ 1 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ደግሞ 52 ሜትር ያህል ነው። 52 ሜትር ማለት ከእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ግማሽ ነው። እንግዲህ ከቆርቆሮው በላይ በዚያ ከፍታ የሚያልፍ ጄት ላለበት ቤት ምን እንደሚሆን ለአድማጮቻችን እንተወዋለን።

አሁን ወደ አዲስ አበባ ሄደን የሆነውን እንመልከት፤ ትምህርቱ ከዚያ ይገኛልና። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ ሥራውን ሲጀምር ማረፊያው በልደታ ነበረ። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 የተባሉት ጄቶች ሲመጡ የልደታ ሜዳ አልበቃም። ስለዚህ በዚያን ጊዜ ከከተማው ውጭ በነበረው በቦሌ አዲስ ማረፊያ ተሠራ። ልደታን ከተማው ዋጠው፤ ዛሬ አሮጌው ኤርፖርት የሚባል ሰፈር አለ፣ ስሙ እንጂ መንገደኛ አይሮፕላኑ የለም። ቦሌስ? ማረፊያው ገና ሲከፈት በዙሪያው እርሻና ሣር ነበረ። ከዚያ በኋላ ሰፊ አውራ ጎዳና ተዘረጋለት፤ መብራት፣ ውሃና ስልክ ተከተሉ፤ ሥራ የሚፈልገውም፣ ሆቴል የሚከፍተውም፣ ቪላ የሚሠራውም መጣ። በጨረቃ ብርሃን ተሠርተው የሚያድሩት ጨረቃ ቤቶችም አልቀሩም። በ1995 ዓ.ም. አዲስ የመንገደኞች ማስተናገጃ ተከፈተ፤ በጥር 2011 ዓ.ም. ያም ተስፋፍቶ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ ለማስተናገድ እንዲችል ሆነ። በአንድ በኩል ቦሌ ሚካኤል፣ በሌላ በኩል ቡልቡላና ጎሮ ማረፊያውን ከበቡት። ወደ ሩቅ አገር የሚሄዱት በረራዎች ብዙዎቹ በሌሊት የሚነሡ ስለሆነ፣ በዚያ አካባቢ የሚኖር ዘመድ ያለው ሁሉ በስልክ እያወራ ሳለ «ቆይ ይለፍ» ሲባል ሰምቷል።

አሁን ደግሞ ከቢሾፍቱ አጠገብ በአቡሴራ ሦስተኛ ማረፊያ ለመሥራት ታስቦ፣ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የንድፉ ውል ዳር አል ሐንዳሳ ከተባለ ድርጅት ጋር ተፈርሟል። ቦሌ የማይበቃበት ምክንያት ጩኸት ብቻ አይደለም፤ የመንገደኛው ብዛት ነው። ሆኖም ቦሌ እንዳይሰፋ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ዙሪያውን በቤት መታጠሩ እንደሆነ ማንም ያየዋል። አንዲት ከተማ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ማረፊያዋን ሁለት ጊዜ ስትከተል፣ ማረፊያውም ሁለት ጊዜ ሲሸሻት፣ ወጪውን የሚከፍለው ሕዝብ ነው፤ ከአቡሴራ መሬት የሚነሣው ገበሬም ከከፋዮቹ አንዱ ነው።

በአውሮፓ አገሮች ነገሩ ካለፈ በኋላ የሚደረግ መፍትሔ አለ። ለየቤቱ ድርብ መስተዋት ያለው መስኮት ይገጠምለታል፣ ጣራውም ድምፅ በሚያፍን ነገር ይሸፈናል። ይህ በብርድ አገር መልካም ነው። በአርባ ምንጭ ግን ሙቀቱ እንደምታውቁት ነው፤ እኛ መስኮት ዘግተን መተኛት አንችልም። ቤቶቻችን በጭቃና በቆርቆሮ የተሠሩ ናቸው፣ አጎበር ዘርግተን መስኮት ከፍተን ነፋስ ከሐይቁ እንጠብቃለን። ስለዚህ ለአውሮፓዊው የመጨረሻ መጠጊያ የሆነው ነገር ለእኛ ከመጀመሪያው የለም። ለቆላ ከተማ የቀረው መድኃኒት የመሬት አጠቃቀም ፕላን ብቻ ነው የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ የእንቅልፍ ጉዳይ ብቻ መስሎ እንዳይታይ ስለ ተማሪዎች አንድ ምሳሌ እንጨምር። በጀርመን አገር የሙኒክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1992 አሮጌውን ማረፊያ ዘግታ ራቅ ባለ ቦታ አዲስ ከፈተች። ሊቃውንት በሁለቱም ቦታ ያሉትን ልጆች ከመዘጋቱ በፊትና በኋላ ፈተኗቸው። በአሮጌው ማረፊያ አጠገብ የነበሩት ልጆች አይሮፕላኑ ሲሄድላቸው የማስታወስና የማንበብ ችሎታቸው ተሻሻለ፤ በአዲሱ አጠገብ የነበሩት ደግሞ በዚያው ነገር ወደ ኋላ ቀሩ። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል። ልጆቹ ያው ልጆች ናቸው፣ የተለወጠው ከራሳቸው በላይ ያለው ሰማይ ነው። ስለዚህ በማረፊያው ጫፍ በኩል ትምህርት ቤት ለመሥራት የሚያስብ ካለ፣ ቦታው ርካሽ ቢሆንም ይቅርበት።

ወደ ከተማችን እንመለስ። አርባ ምንጭ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማነት ከጨንቻ ወርዶ ወደዚህ ሲመጣ የተቆረቆረች ናት። በ1987 ዓ.ም. ሕዝቧ 40 ሺህ ያህል ነበረ፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 74,879 ሆነ። ከዚያ ወዲህ ያደገችውን ዓይናችን ይመሰክራል። ወዴት ትስፋ? በምዕራብ ተራራው አለ። በሌላው ወገን ነጭ ሳር ፓርክና የምንጮቹ ጫካ፣ ከዚያም ሐይቆቹ አሉ። ቤት ለመሥራት የሚመቸው ሜዳ ወደ ጫኖና ወደ ላንቴ በሚወስደው በሶዶ መንገድ በኩል ያለው ነው፤ ማረፊያውም ከዚያው ሜዳ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ከተማችን ወደ ማረፊያው የምትሄደው ማንም ክፉ ስላሰበ አይደለም፣ ሌላ መንገድ ስለ ጠበባት ነው።

ማረፊያው ደግሞ ለዘለዓለም እንደ ዛሬው ጭር ብሎ ይኖራል ብሎ መተማመን አይገባም። መንደርደሪያው 2 ሺህ 8 መቶ ሜትር የሚጠጋ ስለሆነ ጄትም ይቀበላል። ሙዛችንና ዓሣችን አንድ ቀን በአይሮፕላን ይጫኑ ይሆናል፣ ጎብኚም ይበዛል፤ ይህንንማ እኛም እንመኘዋለን። ደግሞም የአሜሪካ ሰው አልባ አይሮፕላኖች ከዚሁ ማረፊያ ይነሡ እንደነበር በ2004 ዓ.ም. በይፋ መታወቁን፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ማብቃቱ መነገሩን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ያን የወሰነ የአርባ ምንጭ ማዘጋጃ ቤት አልነበረም። በማረፊያ ላይ ምን እንደሚበር ከተማው አይወስንም፤ በማረፊያው ዙሪያ ምን እንደሚሠራ ግን ሊወስን ይችላል።

ሕጉ አለ። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከተሞች መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን እንዲኖራቸው ይደነግጋል። በሀገራችን የድምፅ ደረጃም ለመኖሪያ ሰፈር የተወሰነው ልክ በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2001 ጩኸትን ለመቀነስ ካጸደቃቸው አራት መንገዶች አንዱ የመሬት አጠቃቀም ፕላን ነው። ጭር ያለ ሞተር መሥራት የፋብሪካዎች ነው፣ የበረራ ሰዓትና መንገድ የአየር መንገዱና የአቪዬሽኑ ነው፤ ይህ አንዱ ግን በእጃችን ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ደርሰናል። መሬቱ ክፍት ይሁን ስንል ባዶ ነው ማለታችን አይደለም። ገበሬ አለበት፣ ሙዝ አለበት። ያ ገበሬ ለልጁ ጎጆ እንዳይሠራ፣ መሬቱንም ለቤት ሠሪ በሚሸጥበት ዋጋ እንዳይጠቀም ተከልክሎ፣ እኛ በሴቻ ቁጭ ብለን ስለ ጸጥታ ብንሰብክ ፍርድ አይሆንም። በመካከላችን የእንዲህ ያሉ ገበሬዎች ልጆች ስላሉ በክፍላችን ብዙ ተከራክረንበታል። የተስማማንበት ይህ ነው፤ ክልከላው ለከተማው ጥቅም ከሆነ ዋጋውን ከተማው ይክፈል። ለልጁ የሚሆን የቤት ቦታ ከመንደርደሪያው ጎን ወይም ራቅ ባለ ሰፈር ይሰጠው፤ የእርሻ ይዞታው ይጽና፤ የመስኖ ውሃና ወደ ገበያ የሚያወጣ መንገድ ቅድሚያ ያግኝ። ይህ ሁሉ፣ ኋላ ሺህ ቤት አፍርሶ ካሳ ከመክፈል ይረክሳል።

የጋሞ አባቶቻችን ይህን ጥበብ ከእኛ በፊት ያውቁታል። በደጋው በየአገሩ ዱቡሻ አለ፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር የሚያዩበት ሣር የለበሰ ሜዳ ነው። መሬት የቱን ያህል ቢጠብ፣ ተራራው እስከ ጫፉ ቢታረስ፣ በዱቡሻ ላይ ቤት የሚሠራ የለም። አጥርና ዘበኛ ሳይኖረው የሚከበረው ሁሉም የሁሉ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። የማረፊያው ዙሪያም በዚህ ዓይነት ቢታይ የሚያስደንቅ አዲስ ነገር አይሆንም።

በሜዳው ላይ እርሻ፣ የሙዝ ማከማቻ፣ መጋዘንና ጋራዥ ቢኖሩ ጩኸቱ አይጎዳቸውም። ቄራና የቆሻሻ መጣያ ግን እንዳይደረግ እንለምናለን፤ አባ ኮዳዎቹን እዚያ ይሰበስባቸዋል፣ ትልቅ ወፍና የአይሮፕላን ሞተር ደግሞ አይስማሙም።

ማዘጋጃ ቤቱን የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የማረፊያው የአቀራረብ መስመርና የድምፅ መስመሮቹ በአንድ ካርታ ላይ ተሥለው በየቀበሌው ግድግዳ እንዲለጠፉ፣ በመስመሩ ውስጥ ቦታ የሚገዛም ሰው ውሉን ከመፈረሙ በፊት ካርታውን እንዲያይ ይደረግ። እስከዚያው ድረስ እኛ ያሰላነው የከፍታ ሰንጠረዥ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ተለጥፏል። ከማረፊያው በኩል ቦታ ለመግዛት ያሰባችሁ አባቶችና እናቶች ካላችሁ፣ ከመንደርደሪያው ጫፍ ያለውን ርቀት ይዛችሁ ኑ፤ አይሮፕላኑ ከጣራችሁ በላይ ስንት ሜትር ላይ እንደሚያልፍ እዚያው ቆማችሁ ሳላችሁ እናሰላላችኋለን።