የሰላት ጊዜያት በምን ይወሰናሉ? የሰማዩ ድርሻና የሰው ምርጫ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ በረመዷን ወር በተደጋጋሚ የሚነሣ ጥያቄ ነው። በአንድ ከተማ የሚኖሩ ሁለት ቤተሰቦች ሁለት የተለያዩ የሰላት ሰሌዳዎች ይይዛሉ። በአንደኛው ሱብሂ ገብቷል፤ በሌላኛው ገና 12 ደቂቃ ያህል ይቀራል። በዚያ መካከል ሱሑሩን የበላ ሰው ጾሙ ይያዝለታልን? እኔ የጂኦግራፊ መምህር እንጂ ሙፍቲ አይደለሁምና በዚህ ላይ ፍርድ አልሰጥም። ሆኖም ከፍርዱ በፊት ሊለይ የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በሰሌዳው ላይ ከተጻፈው የትኛው የሰማይ ሥራ፣ የትኛው የሰው ምርጫ እንደ ሆነ ነው።

አምስቱ ሰላቶች የተቀጠሩት በፀሐይ ምልክቶች ነው። ሱብሂ የሚገባው ወጋገን በአድማስ ላይ አግድም ሲዘረጋ ነው፤ ከእርሱ ቀድሞ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ የሚታየው ሐሰተኛ ንጋት አይቆጠርም። ዙህር ፀሐይ ከቀትር ዘንበል ስትል፣ ዓስር ጥላ በታወቀ መጠን ሲረዝም፣ መግሪብ ጀንበር ስትጠልቅ፣ ኢሻ ደግሞ ከጀንበር በኋላ የሚቀረው ብርሃን ሲጠፋ ይገባሉ።

ከቀላሉ እንጀምር። ቀትርን የሚወስነው ኬንትሮስ ነው። ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር፣ አንድ ዲግሪ ወደ ምዕራብ በተጓዝን ቁጥር ቀትር በ4 ደቂቃ ይዘገያል። አገራችን በሙሉ የምትጠቀመው በ45ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ሰዓት ነው። በዚህ ስሌት አማካዩ ቀትር በጅጅጋ 6 ሰዓት ከ9 ደቂቃ፣ በአዲስ አበባ 6 ሰዓት ከ25፣ በጋምቤላ 6 ሰዓት ከ42 ገደማ ይሆናል። የአዲስ አበባን ሰሌዳ ይዞ ጋምቤላ የሄደ ሰው፣ ዙህርን ጊዜው ሳይገባ ሊሰግድ ይችላል ማለት ነው። በዚህ ላይ የምድር ምሕዋር ሞላላ፣ ዘንጓም ያዘነበለ በመሆኑ፣ ቀትር በዓመቱ ውስጥ ከአማካዩ እስከ 16 ደቂቃ ይቀድማል፤ እስከ 14 ደቂቃም ይዘገያል። እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ የሰማይ ሥራ ነው፤ ማንም ቢያሰላው ያው ነው።

በዓስር ላይ የሰው ምርጫ ይገባል። የሻፊዒ፣ የማሊኪና የሐንበሊ መዝሀቦች ጥላው ከቀትር ጥላ በተጨማሪ የባለቤቱን ቁመት ሲያህል ዓስር ገባ ይላሉ፤ በሐነፊ መዝሀብ የጸናው አስተያየት ደግሞ ሁለት እጥፍ ይጠብቃል። በአዲስ አበባ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 24 ገደማ ፀሐይ በቀትር አናት ላይ ስለምትውል የቆመ ዘንግ ጥላ የለውም። በዚያ ቀን የአንድ ሜትር ዘንግ ጥላ አንድ ሜትር የሚሞላው ከቀትር 3 ሰዓት ያህል በኋላ ነው፤ ሁለት ሜትር እስኪሞላ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ይጨምራል። ሁለቱም ወገኖች ጥላውን በትክክል ለክተዋል፤ የተለያዩት በሕጉ አረዳድ ነው።

ትልቁ ክርክር በሱብሂና በኢሻ ላይ ነው። ወጋገን ቀስ በቀስ የሚደምቅ ብርሃን እንጂ እንደ ጀንበር መጥለቅ በአንዲት ቅጽበት የሚፈጸም ነገር አይደለም። ስለዚህ አስሊዎች ፀሐይ ከአድማስ በታች ስንት ዲግሪ ስትሆን ምልክቱ እንደሚታይ መወሰን አለባቸው። የዓለም ሙስሊም ሊግ ለሱብሂ 18፣ ለኢሻ 17 ዲግሪ ይወስዳል። የግብጹ ስሌት 19.5 እና 17.5 ነው። የሰሜን አሜሪካ እስላማዊ ማኅበር ለሁለቱም 15 ዲግሪን ይዟል። በመካ የሚሠራበት የኡም አል ቁራ ሰሌዳ ለሱብሂ 18.5 ዲግሪ ይወስድና ኢሻን ከመግሪብ 90 ደቂቃ በኋላ፣ በረመዷን ደግሞ 120 ደቂቃ በኋላ ያደርገዋል። በአዲስ አበባ በ18 እና በ15 ዲግሪ መካከል ያለው ልዩነት ከ12 እስከ 14 ደቂቃ ያህል ነው። የሁለቱ ቤተሰቦች ክርክር ምንጭ እንግዲህ ይህ ነው። አንደኛው ሰሌዳ በስሌት ስሕተት የተሞላ፣ ሌላው የጸዳ ሆኖ አይደለም።

ይህ ሥራ የዛሬ የኮምፒውተር ፈጠራ አይደለም። በ9ኛው መቶ ዓመት አል ኽዋሪዝሚ ለባግዳድ ኬክሮስ የሰላት ሠንጠረዥ አዘጋጅቷል። በኋላም ታላላቅ መስጂዶች ሙወቂት የሚባል የጊዜ ሊቅ ይሾሙ ነበር፤ በደማስቆ የኡመያድ መስጂድ ሙወቂት የነበረው ኢብን አሽ ሻጢር በ14ኛው መቶ ዓመት ለመስጂዱ ያበጀው የፀሐይ ሰዓት እስከ ዛሬ ይታወቃል። ሊቁ ሰማዩን ይለካል፤ ፈቂሁ ምልክቱን ይተረጉማል። ሁለቱም አስፈላጊዎች ነበሩ።

ወደ ሰሜን ስንሄድ የሁለቱ ትብብር ግዴታ ይሆናል። በስቶክሆልም በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ በእኩለ ሌሊት እንኳ ከ7 ዲግሪ ብዙም አትዘቅጥም፤ ስለዚህ 18 ቀርቶ 15 ዲግሪም አይገኝም። በኖርዌይ በትሮምሶ ደግሞ ለሁለት ወራት ያህል ፀሐይ ፈጽሞ አትጠልቅም። ምልክቱ ሲጠፋ ሰላቱ አይቀርም፤ ሊቃውንቱ ቀኖች ሲረዝሙ ጊዜን መገመት እንደሚገባ የሚያስተምረውን ሐዲስ መሠረት አድርገው መፍትሔ ፈልገዋል። አንዳንዶች ሌሊቱን ለሁለት ወይም ለሰባት ይከፍላሉ፤ ሌሎች ምልክቱ የሚታይበትን ቅርብ አገር ወይም የመካን ጊዜ ይከተላሉ። ከእነዚህ የትኛው ይሻላል የሚለውን ቴሌስኮፕ አይመልሰውም።

ስለዚህ ሰሌዳ ለሚያዘጋጁ ሁሉ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በሰሌዳው ግርጌ ለየትኛው ከተማ እንደ ተሰላ፣ የተወሰደው ዲግሪ ስንት እንደ ሆነና ዓስር በየትኛው መዝሀብ እንደ ተቆጠረ በአንድ መስመር ይጻፍ። ያን ጊዜ ሁለቱ ቤተሰቦች በደቂቃ ቢለያዩም፣ አንዱ ሌላውን ጾም አፍራሽ ብሎ ከመክሰሱ በፊት የሚያነበው ነገር ያገኛል። ከእናንተም መካከል ወጋገንን በአገራችን አድማስ ላይ፣ በየወራቱና በየቦታው እየተመለከተ የሚመዘግብ ተማሪ ቢነሣ፣ ለክርክሩ ከብዙ ንግግር የበለጠ ይጠቅማል።