የአባቶቻችን መዶሻ አያሳፍርም
(በወላጆች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሥራዬ አስተማሪዎችን ማሠልጠን ነው። ዛሬ ግን የምነግራችሁ አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ እኔው ተማሪ ሆኜ ስለ ጀመርኩት ሙያ፣ ስለ ብረት ሥራ ነው።

አባቴ በጎንደር ገጠር ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ስንመጣ እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። በትምህርት ቤት «የአባትህ ሥራ ምን ነበር?» ሲሉኝ «ገበሬ» እል ነበር። ለምን እንደ ዋሸሁ ታውቃላችሁ። በአገራችን ርስት ተከልክለን በእጅ ሥራ ስናድር፣ ጎረቤታችን ማረሻውንና ማጭዱን ከእኛ ይወስዳል፤ ዞር ብሎ ደግሞ «ቡዳ፣ ሌሊት ጅብ የሚሆን» ይለናል። ያ ስድብ አብሮኝ በአውሮፕላን መጣ።

ልጄ ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቀኝ ግን በራሴ አፈርኩ። አባቴ ዘንድ ሄጄ «አባባ፣ ያስተምሩኝ» አልኳቸው።

በሞሻቭ በሚኖር ዘመዳችን ግቢ ጉድጓድ ቆፍረን ከሰል አነደድን። መዶሻውን ባነሣ «ተወው! መጀመሪያ ወናፉን ንፋ» አሉኝ። ወናፉ ሁለት የፍየል ቆዳ ነው፤ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው አየር ይሞላል። ንፋሱ ከተቋረጠ እሳቱ ይደክማል። አገር ቤትም ልጅ የሚጀምረው ከወናፍ ነበር፤ እየነፋ የብረቱን መልክ ይለያል። ሳይግል የተመታ ብረት አይታዘዝም፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ቀይ ሆኖ ወደ ብርቱካን ሲያደላ ይለሰልሳል። ነጥቶ ብልጭታ ከተፋ ተቃጥሏል፣ አይረባም።

በሦስተኛው ቀን ጉጠትና መዶሻ ሰጡኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ ከቀጭን ፌሮ ቁራጭ ወስፌ ማውጣት ነበር። ጫፉን መስፍ ላይ አስደግፎ እያገላበጡ መምታት ነው፤ መጀመሪያ አራት ማዕዘን፣ ቀጥሎ ስምንት፣ በመጨረሻ ክብ ይሆናል። ስድስት ጊዜ አበላሸሁ። አባቴ አልተቆጡም፤ ያጣመምኩትን እያነሡ መልሰው እሳት ውስጥ ከተቱት። ስንት ዓመት ያሠለጠንኩ ሰው፣ የተማሪን ስሕተት እንዲህ በትዕግሥት መያዝን የተማርኩት ያን ቀን ነው። ሰባተኛው ወስፌ ዛሬ በእናቴ እጅ ነው፤ ሰፌድ ይሰፉበታል።

መሞከር ለምትፈልጉ፦ ቤት ውስጥ አታንድዱ፤ የከሰል ጋዝ ሳይታይ ይገድላል። የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ፤ የጥጥ ልብስ ልበሱ፣ ናይለን ገላ ላይ ይቀልጣል። ዚንክ የተቀባ ብረት አታግሉ፤ ጭሱ ይመርዛል። ባልዲ ውኃ ከአጠገባችሁ አይጥፋ።

ወላጆች ሆይ፣ በየቤታችን ያሉት ሽማግሌዎች እጃቸው እየደከመ ነው። ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው፤ ዛሬውኑ ጠይቋቸው፣ ልጆቻችሁም ፊታቸው ይቀመጡ። ልጆቻችን ሁሉ ቀጥቃጭ ይሁኑ አልልም። «የአያትህ ሥራ ምን ነበር?» የተባለ ልጅ ግን እኔ የዋሸሁትን አይዋሽ።